በቁሙ የተለቀሰለት

ንጋቷ ባሏን የቀበረችው ሬሳውን ሳታይ ነው። በ2011 ዓ.ም.፣ ሐምሌ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከማታውቀው ቁጥር ስልክ ተደወለላት። «ተሻለ ባሕር ሲሻገር ጀልባው ተገልብጦ ሞቷል፤ ከተረፉት አንዱ እኔ ነኝ» አላት አንድ ወንድ። ሬሳውስ ስትለው ስልኩ ተቋረጠ፤ ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ሠርቶ አያውቅም።

ተሻለ ጅግጅጋ እየተመላለሰ ጨርቅ የሚያመጣ ነጋዴ ነበር። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ «ዓረብ አገር ሄጄ ሰው ልሁን» ብሎ ሚስቱንና እናቱን ተሰናብቶ ወጣ። ልጅ አልነበራቸውም።

አፍደም ትንሽ ከተማ ናት። የድሮው ባቡር ከቆመ ወዲህ ሰዉም ሳስቶባታል። ለቅሶ ሲሆን ግን ማንም አይቀርም፣ የተጣላም ቢሆን ይመጣል። የተሻለን ፎቶ ወንበር ላይ አስቀምጠው ሦስት ቀን ሙሉ አለቀሱለት። ንጋቷ ጸጉሯን ተላጨች፣ ፊቷን ነጨች፣ ዓመት ሙሉ ጥቁር ለበሰች። እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ አርባ ቀን መሬት ላይ ተኙ፤ ያላቸውን አንድ ወይፈን አሳርደው ተዝካሩን አወጡ። በዓመቱ አንድ ደህና ሰው ንጋቷን ለማግባት ሽማግሌ ቢልክ «የባሌ አፈር ገና አልደረቀም» ብላ መለሰችው። አፈር እንኳ እንደሌለው ረስታው ነው።

በ2016 ሚያዝያ ላይ ነቢዩ የሚባለው የአፍደም የጭነት መኪና ሹፌር ከጅግጅጋ ተመለሰና ቤቷ ድረስ መጣ። የቀረበለትን ውሃ ሳይጠጣ ብርጭቆውን እንደያዘ፣ «ንጋቷ፣ ተሻለን አየሁት» አላት። ጨርቅ ተራ፣ ሱቅ ውስጥ፣ ሜትር ይዞ ቆሞ። «ተሻለ!» ብሎ ቢጠራው ሰውየው ዞር አላለም። የጎረቤት ሱቅ ሰዎች «እሱ ረዲ ነው፤ የወራቤ ልጅ ነው» አሉት። በማግስቱ ቢመለስ ሱቁ ተዘግቷል፤ ሳምንት ሙሉም አልተከፈተም።

ውሸት ምን ያደርጋል፣ ንጋቷ መጀመሪያ ደስ አላት። አለ! ብላ ከተቀመጠችበት ተነሣች። ተመልሳ እስክትቀመጥ ድረስ ግን ደስታው አልቆየም። የተላጨችው ጸጉር፣ የነጨችው ፊት፣ የመለሰችው ሰው፣ የአሮጊቷ ወይፈን አንድ በአንድ መጡባት። ያ ስልክ የደወለላት ሰው እንግዲህ ተልኮ ኖሯል። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው፤ የእሷ ጅብ ደግሞ ቁርበቱ ላይ ተኝቶ አምስት ዓመት አንኮራፍቷል።

ለወይዘሮ አትጠገብ ስትነግራቸው እልል ይላሉ ብላ ነበር። አሮጊቷ ግን ሁለት ቀን እህል ሲቀርብላቸው እየቀመሱ ይተዉት ጀመር። በሦስተኛው ቀን ጠሯት።

«ሂጂና ሞታለች ብለሽ ንገሪው» አሉ።

«ማን?»

«እኔ ነኛ! እናትህ ሞተች በይው።»

«እማማ! ሟርት ነው እኮ፣ በቁምዎ?»

«ሟርቱን የጀመረው እሱ ነው። እኔ ለእሱ መሬት ላይ ተኝቻለሁ፤ እስኪ እሱም ለእኔ ይተኛ። ለቅሶዬን ሊደርስ ይመጣ እንደሆነ በዓይኔ አያለሁ።»

«ባይመጣስ?»

«ካልመጣማ እውነትም ሞቷል። ያወጣሁለት ተዝካር አልባከነም ማለት ነው።»

ንጋቷ ያን ዕለት የአማቷን እጅ ሳመች። እሷ ስታስብ የከረመችው ፊቱን መቧጨር፣ ገበያ መሃል ስሙን ጠርቶ ማዋረድ ነበር። የአሮጊቷ ግን ይበልጣል። ያስለቀሰን ሰው ማስለቀስ ነው፤ ለዚያውም በማያስለቅስ ነገር፣ እሱ እንዳደረጋቸው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ችግሩ አንድ ብቻ ነበር። ሰውየው የአፍደም ፊት ካየ ይበራል። ነቢዩን አይቶ ሳምንት የጠፋ ሰው ንጋቷን ቢያይ ድንበር ተሻግሮ ነው የሚገኘው። ስለዚህ ጅግጅጋ ስትገባ እንደ ጅግጅጋ ሰው መሆን አለባት።

ለዚህ ደግሞ ፈትያ አለች። ፈትያ አፍደም ከንጋቷ ጋር በአንድ አጥር ያደገች የሙስሊም ነጋዴ ልጅ ናት፤ ንጋቷ ከመዳሯ በፊት አግብታ ስለሄደች ከተሻለ ጋር አይተዋወቁም፤ ጅግጅጋ ሆና ከድንበር ከተማዋ ከቶጎጫሌ የሚመጣ ሽቶና ሳሙና ትቸረችራለች፤ ረዲን የምታውቀው በገበያ ነው። ንጋቷ ድሬዳዋ አድራ፣ በሐረር በባቢሌ አድርጋ፣ የካራማራን ጠመዝማዛ ወርዳ ስትደርስ ፈትያ መናኸሪያ ጠበቀቻት። ነገሩን ስትሰማ አስቀድማ የተቆጣችው በሌላ በኩል ነው።

«ሰልሞ ቢሆን አላህ ይቀበለው እል ነበር» አለች። «ይሄ ግን ሃይማኖታችንን መደበቂያ ጉድጓድ አደረገው! አንቺንም ኒቃብ ማልበሴ ነው እንግዲህ፤ ለሦስት ቀን ነው፣ አላህ ይቅር ይበለን።»

ማልበሱስ ቀላል ነበር። አስቸጋሪው ከልብሱ ውስጥ ያለችው አፍደሜ ናት። ጅግጅጋ ለንጋቷ አገር ሳይሆን ፈረስ የበተነው ሠርግ መሰለቻት፤ ባጃጁ፣ መኪናው፣ ድምፅ ማጉያው፣ ትከሻ ለትከሻ የሚገፋፋው ሰው። መንገድ ዳር ቆማ ባጃጆቹ እስኪያሳልፏት ስትጠብቅ ፈትያ ክንዷን ይዛ ጎተተቻት። «ቆመሽ አትለምኛቸው! የሚያመነታ ሰው ካዩ ጭራሽ ይፈጥናሉ። የራስሽ መንገድ ነው ብለሽ ግቢ።» አንዲት የፈትያ ደንበኛ ሰላም ስትላቸው ንጋቷ እንደ አገሯ ደግማ ደጋግማ እጅ ነሣች። ፈትያ ቆነጠጠቻት። «አንገትሽን አትስበሪ፤ እዚህ ቀጥ ብለሽ ‹ነበድ› ማለት ነው፣ ደህና ነኝ ብለሽ ማለፍ። እንዲህ ካጎነበስሽ ቄስ ያየሽ ነው የሚመስላቸው!»

ምሳ ቤትም ገብተው ሩዝ በፍየል ሥጋ ከሙዝ ጋር ቀረበላቸው። ንጋቷ ኒቃቧን ከፍ እያደረገች ሩዙን በላች፤ ሙዙን ግን ለመጨረሻ ብላ ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው። አስተናጋጇ አየቻትና በሶማልኛ አንድ ነገር ብላ ሳቀች። ፈትያም ሳቀች።

«ምን አለች?»

«‹ይቺ እንግዳሽ ከየት ናት› ነው የምትለው። ሙዙ ከሩዙ ጋር ነው የሚጎረሰው፣ እህቴ! ረዲ ጉንጩን ሞልቶ ሲበላው ብታዪው የዚሁ አገር ልጅ ነው የምትይው።»

ንጋቷ ሙዙን ከሩዙ ጋር ጎረሰች። ጣፋጭ ነበር። ያ ሰው አምስት ዓመት እንዲህ ሲጣፍጠው እንደኖረ አስባ የቀረውን ገፋ አደረገችው።

«ሚስት አለው?» አለች።

«አለው ይላሉ። ቤቱን አላውቅም። ከተማው ሰፊ ነው፣ ሁሉም የራሱን ነው የሚሮጠው።»

ማክሰኞ አራት ሰዓት ላይ ጨርቅ ተራ ገቡ። ፈትያ ከፊት፣ ንጋቷ አንድ እርምጃ ከኋላ፣ አንገቷን ሳትሰብር። እሱ ነበር። ወፍሯል። ጢሙን አሳድጎ በወጉ አስተካክሏል፣ ኮፍያ አድርጓል፣ ትከሻው ላይ ጠርዙ ቀይ ጥለት ያለው ሻል ጥሏል። በሶማልኛ አንዷን ይሸኛል፣ በኦሮምኛ ሌላውን ይቀበላል። ተሻለ እኮ አፍደም እያለ ለቤተሰቡም በአማርኛ የማይመልስ ዝምተኛ ሰው ነበር!

«ረዲ፣ ጥቁር ጨርቅ አለህ?» አለች ፈትያ።

«አንቺና ጥቁር? ምን ተገኘ?»

«አፍደም ለቅሶ አለብኝ። የእናቴ ክርስቲያን ጎረቤት አርፈዋል። ብነግርህ አታውቃቸውም፣ ወይዘሮ አትጠገብ ይባላሉ።»

ተሻለ ጥቅሉን ከመደርደሪያው አውርዶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ሜትሩን አነሣ። አስቀመጠው። እንደገና አነሣው። ንጋቷ ዓይኗን ከእጁ ላይ አልነቀለችም።

«ታመው ነው?» አለ።

«በሽታስ የልጃቸው ነው። ባሕር የበላባቸው አንድ ልጅ ነበራቸው። ከዚያ ወዲህ ሰው አልሆኑም፤ ሲሞቱም ስሙን እየጠሩ ነው አሉ። አርባቸው የፊታችን እሁድ ነው።»

መቀሱ ጨርቁ ውስጥ ገብቶ ጠመመ። ተሻለ ይቅርታ ጠይቆ የጠመመውን ጣለና አዲስ ቆረጠ። ፊቱ ግን አልተለወጠም። «አላህ ያጽናሽ» አለ በወጉ፤ ጎበዝ ነው፣ እግዜር ብሎ አልተሳሳተም። ቆርጦ ሲጨርስ ግማሽ ሜትር መረቀላትና ወደ ንጋቷ ዞሮ «አባዮ፣ አንቺስ ምን ልስጥሽ?» አላት፤ እህቴ ማለቱ ነው። ዓይኗን አየ። ዘጠኝ ዓመት በአንድ አልጋ ያየውን ዓይን አይቶ አላወቀውም። ንጋቷ ራሷን ነቀነቀችና ወጣች።

ውጭ ስትደርስ «አይመጣም» አለች። «ሰውየው ድንጋይ ነው። የእናቱን ሞት ሰምቶ ይመርቃል!»

ያን ሌሊት በንዴት እንቅልፍ አልወሰዳትም። ረቡዕ ረፋድ ላይ ግን እግሯ እንደገና ወደዚያው ወሰዳት። ከሱቁ ፊት ለፊት ካለች ሻሂ ቤት ከፈትያ ጋር ተቀመጠች። ተሻለ ሱቁን ከፍቷል። ወንበሩ ባዶ ነው፤ እሱ ሲሚንቶው ላይ፣ ጨርቅ እንኳ ሳያነጥፍ፣ መሬት ተቀምጧል። ያቺን ሻል ደግሞ አዙሯታል፤ ትናንት ከታች የነበረው ቀይ ጥለት ዛሬ አንገቱ ሥር ነው።

ንጋቷ የፈትያን ጉልበት ያዘች። «ደረሰው!» አለች።

«ምኑ?»

«ጥለቱን አየሽው? አዘቅዝቆታል። ነጠላ እንዲህ የሚለበሰው ሐዘን ሲሆን ነው። እናቱን እያለቀሰ ነው፣ ፈትያ! እዚህ ገበያ መሃል ለብቻው ለቅሶ ተቀምጧል!»

ያን ሁሉ ሰው የሚያልፍበት ገበያ ነው፤ ያየው ሁሉ ሻል ብቻ ያየ መሰለው። ደንበኛ ሲመጣ ተሻለ ብድግ ይላል፣ ይስቃል፣ ይከራከራል፣ ይቆርጣል። ደንበኛው ሲሄድ ተመልሶ መሬት ይቀመጣል። አንድ ጎረቤቱ መጥቶ ትከሻውን መታ አድርጎ አንድ ቀልድ ነገረው፤ ተሻለ ጥርሱን አሳይቶ ሳቀለት። ማን ብሎ ይንገረው? የወራቤው ረዲ አፍደም እናት የለችውም። ንጋቷ ሦስት ብርጭቆ ሻሂ በወተት እየጠጣች ግማሽ ቀን ሙሉ አየችው። እሷ ስታለቅስ እንኳ የሚደግፋት ጎረቤት ነበራት፤ እሱ ማንም የለውም። በቀል እንዲህ እንደሚጣፍጥ ቀድሞ የነገራት ሰው አልነበረም። ፈትያ «በቃሽ፣ እንሂድ» እያለች ብትጎትታት አልነሣ አለች።

ሐሙስ ወደ አፍደም ተመለሰች።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሰፈሩ ሰው ከወይዘሮ አትጠገብ ግቢ አልራቀም። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ተክለማርያም ነገሩን ያውቃሉ፤ እሳቸው ካወቁ ደግሞ ሁሉም ያውቃል። ድንኳን የለም፣ ድስት አልተጣደም። ወይዘሮ አትጠገብ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ንጋቷ ከበስተኋላቸው ቆማለች። አምስት ሰዓት ሆነ። ስድስት ሆነ። አሮጊቷ የለቀሙትን ምስር እንደገና ይለቅሙ ጀመር።

ስድስት ተኩል ላይ ከወደ መኪና መቆሚያው ጩኸት ተሰማ።

«እማዬ! ወይኔ እናቴ! ሳልደርስልሽ!»

የጎልማሳ ወንድ ድምፅ ነው። ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። ተሻለ ሻሉን አዘቅዝቆ፣ ደረቱን እየደቃ፣ እንባው ጢሙን አርሶት የግቢውን በር ከፍቶ ገባ። የቆመውን ሰው አየ። ቀጥሎ ምስር የሚለቅሙትን እናቱን አየ። አፉ እንደተከፈተ ጩኸቱ ብቻ ቆመ።

«እማዬ?»

«ቀጥል እንጂ!» አሉ ወይዘሮ አትጠገብ። «ምነው አቆምክ? እኔ አርባ ቀን አልቅሻለሁ፤ አንተ ከበር እስከዚህ ደከመህ?»

ተሻለ እናቱ እግር ሥር ተደፋ። እግራቸውን ሊይዝ ሲል ሰብስበው ከቀሚሳቸው ሥር አስገቡት። ከዚያ አፉ እንደ ሱቁ ተከፈተ። የመን ታስሬ ነበር አለ፤ ስልክ ከልክለውኝ ነበር፤ ገና ባለፈው ወር ነው የተፈታሁት፤ ሞቷል ያላችሁን ሰው አላውቀውም። አንዳንድ ሴቶች ከንፈራቸውን መጠጡ። ንጋቷ ያኔ ወደ ፊት ወጣች።

«ማክሰኞ ለት ጥቁር ጨርቅ ስትመርቅ አጠገብህ የቆምኩት እኔ ነኝ» አለችው። «‹አባዮ፣ ምን ልስጥሽ› ብለኸኛል። የመን ውስጥም ጨርቅ ተራ አለ ማለት ነው?»

ተሻለ ዓይኗን አየ። አሁን አወቃት። ቀና ብሎ ሰዉን ቢያይ አንድም የሚያስጥለው ፊት አጣ። ያኔ የቀረችውን አንዲት ብልሃት አወጣ።

«እማዬ፣ ልጅ አለችኝ» አለ። «የልጅ ልጅ አለሽ። ቁርጥ አንቺን! ላመጣልሽ እችላለሁ፣ ነገ ዛሬ ሳልል።»

ግቢው ተንጫጫ። የአሮጊቷ እጅ ምስሩ ላይ ቆመ። ንጋቷ ደነገጠች። ዘጠኝ ዓመት አብራው ኖራ ያልወለደችው እሷ ናት፤ አሮጊቷ በየዓመቱ ለዚህ የተሳሉትን ታውቃለች። አለቀ፣ ይቅር ሊሉት ነው አለች በሆዷ። ጠላቻቸው እንኳ፣ ለአንድ አፍታ።

«ስንት ዓመቷ ነው?» አሉ ወይዘሮ አትጠገብ። ድምፃቸው ለስልሷል።

«የፊታችን ነሐሴ አምስት ይሞላታል!» አለ ተሻለ ቸኩሎ።

አሮጊቷ በጣታቸው ቆጠሩ። አልቸኮሉም። ነሐሴን አልፈው ወደ ኋላ ሄዱ፣ ዓመቱን ቆጠሩ፣ እንደገና ከመጀመሪያው ቆጠሩ።

«ያኔ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው ሞትህን ያረዱን» አሉ። «ነሐሴን ሙሉ እኔ እዚህ ላንተ ንፍሮ ስቀቅል፣ አንተ እዚያ የአራስ ገንፎ ታስበላ ነበር። አይደል? በአንድ ወር።»

ተሻለ ሻሉን ፊቱ ላይ ሳበ።

ወይዘሮ አትጠገብ በንጋቷ ክንድ ተደግፈው ቆሙ። ምስሩ ከጭናቸው ላይ ተበተነ።

«ልጅቱን ላካት። የሟች ልጄ ልጅ ናት፣ የሚያሳድጋት ዘመድ አላት። እኔ ግን ልጄን ቀብሬያለሁ፣ ተዝካሩንም እነዚህ ሰዎች በልተዋል፣ እነሱ ምስክሬ ናቸው። አንተን አላውቅህም፣ ወንድሜ። ለለቅሶ ነው የመጣኸው፣ አልቅሰሃል፤ ወደመጣህበት ግባ።»

ገብተው በሩን ዘጉት።

ሰዉ ምን ማድረግ እንዳለበት ግራ ገብቶት ቆመ። ከዚያ ጋሽ ተክለማርያም ኮፍያቸውን አውልቀው ወደ ተሻለ ቀረቡ። ፊታቸው ላይ የሳቅ ምልክት የለም። «እግዜር ያጽናህ» አሉት። ቀጥሎ ነቢዩ፣ ቀጥሎ ሴቶቹ፣ ከሐዘን ቤት እንደሚወጣ ሰው ተሰልፈው አንድ በአንድ «እግዜር ያጽናህ» እያሉት አለፉ። ከእያንዳንዱ ቃል ጋር ተሻለ ትንሽ ትንሽ እያነሰ ሄደ። መጨረሻ ላይ ንጋቷ ቀረች። ብዙ ልትለው ያዘጋጀችው ነገር ነበራት፤ ጅግጅጋ ሻሂ ቤት ተቀምጣ ሁሉንም በሆዷ ደርድራዋለች።

«እናትህን ማጣት ከባድ ነው» አለችው። «እግዜር ያጽናህ።»

ደስ አላት። እንዲህ ያለ ደስታ ከተዳረች ወዲህ አግኝቷት አያውቅም፤ አላፈረችበትም።

ተሻለ ወጣ። ንጋቷ በሩ ላይ ቆማ እስከ መኪና መቆሚያው በዓይኗ ሸኘችው። ከመንገዱ ዳር ኒም ዛፎች አጠገብ ሲደርስ ቆመና ዞሮ ወደ እናቱ ቤት አየ። ጥቂት ሄዶ እንደገና ዞረ። መኪናው ሊነሣ ሲል ከደረጃው ላይ ሦስተኛ ጊዜ ዞሮ ረጅም ጊዜ አየ፣ ረዳቱ ገፍቶ እስኪያስገባው ድረስ።

ስትገባ ወይዘሮ አትጠገብ አልጋቸው ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኝተዋል። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

«ሄደ?» አሉ ሳይዞሩ።

«ሄደ፣ እማማ።»

ንጋቷ ብርድ ልብሱን አለበሰቻቸው።

«ወደዚህ ዞር ብሎ አየ እንዴ?»

«አላየም» አለች ንጋቷ፤ የተበተነውን ምስር ልትለቅም ወጣች።